ሳተላይቱ ካየ በኋላ ማን ይሄዳል?

የምድርን ደን እንደ ዛሬው አጥርቶ ያየ ትውልድ የለም። የብራዚል የጠፈር ምርምር ተቋም በአማዞን ውስጥ አዲስ ምንጣሮ በታየ ቁጥር ለደን ጥበቃ ባለሥልጣናት የሚያሳውቅበት ሥርዓት ከ2004 ጀምሮ ይሠራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም የላንድሳት ሳተላይቶችን ምስል እየመረመሩ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ ቁራሽ መሬት ላይ የነበረ ዛፍ ሲጠፋ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ማስጠንቀቂያውን ኢንተርኔት ያለው ሁሉ በነፃ ያገኘዋል። ደመና የሚሸፍነውን ደግሞ በራዳር የሚያዩ የአውሮፓ ሳተላይቶች ያሟላሉ። ይህ ሁሉ ዓይን ተተክሎ ሳለ በ2024 ብቻ 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ጥንታዊ የሐሩር ክልል ደን ጠፍቷል። የለኩት ራሳቸው የሜሪላንድ ባለሙያዎች ናቸው፤ ልኬቱን ከጀመሩ ወዲህ ይህን ያህል ደን የጠፋበት ዓመት አልገጠማቸውም። የዚያ ዓመት ትልቁ አጥፊ እሳት ነበር፤ በእነዚህ እርጥብ ደኖች እሳት የሚነሳው ደግሞ በአብዛኛው ሰው መሬት ለመመንጠር ሲል በሚለኩሰው ነው።

በገጠር ሌባ የገባበት ሰው ኡኡ ይላል። የኡኡታው ዋጋ የሚለካው በሚደርስለት ጎረቤት ነው፤ ሰሚው ሩቅ ከሆነ ወይም «አያገባኝም» ብሎ ከተቀመጠ ጩኸቱ ጉሮሮ ከማድረቅ አያልፍም። የሳተላይት ማስጠንቀቂያም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ምንጣሮው ወዳለበት ሄዶ ማን እንደመነጠረና ለምን እንደመነጠረ የሚያጣራ፣ «ውጣ» ብሎ የሚያስወጣ ሰው ያስፈልጋል። በአማዞን፣ በኮንጎ ተፋሰስም ሆነ በቦርኒዮ ለዚህ ከማንም በላይ ቅርብ የሆኑት በደኑ ውስጥ ለዘመናት የኖሩት ነባር ሕዝቦች ናቸው። ቅርብ መሆን ብቻውን ግን አያስቆምም። ማስረጃውን በጥሞና ላየው ሰው እነዚህ ማኅበረሰቦች ደናቸውን ማዳን የቻሉት ከቁጥጥሩ ጋር ሥልጣን በነበራቸው ቦታ ነው። ሥልጣን ስል በመሬቱ ላይ በሕግ የታወቀ መብትን፣ ለጥበቃ ለሚያውሉት ጊዜ የሚገባቸውን ክፍያና ማስረጃቸውን ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ፍርድ ቤትና መንግሥትን ማለቴ ነው። ድሮንና ስማርት ስልክ የሚያድሉ ፕሮጀክቶች በበዙበት በዚህ ዘመን ይህ ቅደም ተከተል እየተዘነጋ ነው።

ለዚህ ክርክር ጥሩ መነሻ የሚሆነው የፔሩ ሰሜን ምሥራቅ ክልል፣ ሎሬቶ ነው። ሎሬቶ በስፋት ከፔሩ ክልሎች ሁሉ ትበልጣለች። ዋና ከተማዋ ኢኪቶስ እንኳ ከተቀረው የአገሪቱ ክፍል ጋር በመኪና መንገድ አትገናኝም፤ የሚደረስባት በጀልባ ወይም በአውሮፕላን ነው። በወንዞቹ ዳር የተበተኑት መንደሮች ከእሷም ይርቃሉ፤ ኢንተርኔት የማይደርሳቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሳተላይቱ ያየውን ምንጣሮ በሊማና በዋሽንግተን ያሉ ቢሮዎች ሲያውቁት፣ ከቦታው በእግር ሊደርስ የሚችለው የመንደሩ ሰው ሳይሰማ ይቀር ነበር። ኦርፒዮ የተባለው የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ድርጅትና አጋሩ ሬይንፎረስት ፋውንዴሽን ዩኤስ ይህን ክፍተት የደፈኑበት መንገድ ያልተወሳሰበ ነበር። ከየመንደሩ ጥቂት ሰዎች ለተቆጣጣሪነት ተመርጠው ሠለጠኑ፤ ለሥራቸውም ክፍያ ተቆረጠላቸው። በየወሩ ማስጠንቀቂያው በፍላሽ ተጭኖ በመልእክተኛ እጅ ወንዝ ለወንዝ ይጓዛል። ተቆጣጣሪዎቹ የቦታውን ነጥብ ስልካቸው ላይ ይጭናሉ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ እየመራ ያደርሳቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ሳተላይቱ ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ይመልሳሉ። ዛፉን የጣለው ነፋስ ነው? የመንደሩ ሰው ለማሳው የመነጠረው ነው? ወይስ ከውጭ የመጣ እንጨት ቆራጭ ወይም ለኮኬይን የሚሆን ኮካ የሚተክል ሰው ገብቷል? ፎቶ አንስተው ይመለሱና ለመንደሩ ጉባኤ ያቀርባሉ። ራሱ ሊወጣው የሚችለው ጉዳይ ከሆነ ጉባኤው ወራሪውን ያስወጣል፤ ከአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ጋር የሚያጋጥም ከሆነ ግን ለመንግሥት ያመለክታል።

ይህ አሠራር ከብዙዎቹ የልማት ፕሮጀክቶች በተለየ በዕጣ ተፈትኗል። ከ76 መንደሮች 39ኙ በዕጣ ወደ መርሐ ግብሩ ሲገቡ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ቆዩ። በ2021 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚገምተው፣ በመጀመሪያው ዓመት በየመንደሩ በአማካይ 8.4 ሄክታር፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ 3.3 ሄክታር ደን ከምንጣሮ ተርፏል። በመቶኛ ሲሰላ 52 እና 21 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በዜና ማሰራጫዎች የገነነው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው፤ ለአንባቢ የሚበጀው ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉትን ሙሉውን ማወቅ ነው። ግምታቸው ሰፊ የስሕተት ክልል አለው፤ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆኑን ዕድል ፈጽሞ አይዘጋም። በሁለተኛው ዓመትም ቀንሷል። በሌላ በኩል ትልቁ ለውጥ የታየው ከፍተኛ አደጋ በተጋረጠባቸው መንደሮች ነው፤ ጥበቃው ውጤት ነበረው ከተባለ ይታያል ተብሎ የሚጠበቀውም እዚያው ነው። እንዲህ ያለውን ማስረጃ እንደ ማረጋገጫ ማኅተም ማወደስም ሆነ «አልተረጋገጠም» ብሎ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። ሌሎች ማስረጃዎች ወደዚያው አቅጣጫ ማመልከት አለማመልከታቸውን ማየት ይሻላል።

ከሄክታሩ ቁጥር ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን የመንደሮቹ ነዋሪዎች ለአጥኚዎቹ የሰጡት መልስ ነው። ቀድሞ ደኑን መቃኘት የሁሉም ሰው የነፃ ግዴታ ነበር። የሁሉም የሆነ ሥራ ደግሞ «እገሌ ይሄዳል» እየተባለ መጓተቱ በየትም አገር የታወቀ ነው፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ በጭቃ ሲዳክር ሌላው ዓሣውን ሲያጠምድ ይውላል፤ ጥቅሙን ግን እኩል ይካፈላሉ። ክፍያ ያላቸው ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ይህ መጓተት ቀረ። ከዚህም በላይ ነዋሪዎቹ ተቆጣጣሪዎቹን ያዩአቸው በደኑ ጉዳይ ቃላቸው የሚሰማ አዲስ ባለሥልጣናት አድርገው ነው። ልብ በሉ፤ ሳተላይቱ ከሙከራው በፊትም በላያቸው ሲዞር ነበር። በሙከራው የተጨመረው፣ ማስጠንቀቂያውን ይዞ የሚሄድ፣ ለዚሁ የሚከፈለውና በወገኖቹ ዘንድ የሚከበር ሰው ነው። ፕሮጀክቱን ወደ ሌላ አገር ለመውሰድ የሚሻ ሁሉ ስልኩን ብቻ ወስዶ ይህን ቢተው፣ የወሰደው ቅርፊቱን ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። የነባር ሕዝቦች ደን የተረፈው ሰው ስለጠበቀው ሳይሆን ሩቅ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። መንገድ የለውም፤ ከብት አርቢውም ሆነ አኩሪ አተር ገበሬው ገና አልደረሰበትም፤ ሲደርስ እሱም እንደሌላው ይመነጠራል ይላሉ። ተቃውሞው ችላ የሚባል አይደለም። ማፕባዮማስ የተባለው የብራዚል የጥናት ትብብር ባወጣው ስሌት መሠረት ከ1990 እስከ 2020 የነባር ሕዝቦች መሬቶች ያጡት የተፈጥሮ ዕፅዋት 1 በመቶ ገደማ ሲሆን የግል ይዞታዎች 20.6 በመቶ አጥተዋል። ልዩነቱ ያስገርማል፤ ግን የተወሰነው ክፍል በእርግጥም ከርቀት የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በ2020 በዚያው የአሜሪካ ሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ጥያቄውን በተለየ መንገድ የጠየቀው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከ1982 እስከ 2016 ያለውን የሳተላይት መረጃ ይዘው፣ በብራዚል አማዞን የአንድን መሬት የወሰን ውስጥና የወሰን ውጭ፣ እንዲሁም ይዞታው በሕግ ከመጽደቁ በፊትና በኋላ ያለውን ሁኔታ አነጻጸሩ። በወሰን ግራና ቀኝ ያለ መሬት በርቀት አይለያይም። ምንጣሮ ጉልህ በሆነ መጠን የቀነሰው የመጨረሻው እርከን፣ ማለትም የፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ፣ ወጥቶ ሙሉ የጋራ ባለቤትነት በተረጋገጠባቸው መሬቶች ነው። ሂደቱ በመሃል ተንጠልጥሎ በቀረባቸው ግን ለውጡ አልታየም። ሕዝቡም ደኑም ያው ናቸው፤ የተለየው ወረቀቱ ነው።

በዚህ ርዕስ ላይ ከማስረጃው አልፎ የሚሄድ ወዳጅም እንዳለ መናገር ግድ ነው። «ከዓለም ብዝኃ ሕይወት 80 በመቶው የሚገኘው በነባር ሕዝቦች መሬት ነው» የሚለው አባባል ለዓመታት በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ሲደጋገም ኖሯል። በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የጻፉ ተመራማሪዎች፣ ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆኑ ምሁራንም ያሉበት ቡድን፣ አባባሉን እስከ ሥሩ ተከታትለው ምንም መሠረት እንዳላገኙለት አሳይተዋል። ቁጥሩ በተነገረ ቁጥር የሚጎዳው እውነተኛው ማስረጃ ነው፤ አንዱ የተሳሳተ አኃዝ ሲጋለጥ ሌላው ሁሉ አብሮ ይጠረጠራልና። ብራዚልና ፔሩ ላይ የተገኘው ውጤት ያለ እሱ ራሱን ችሎ ይቆማል።

በመብትና በማስረጃ ሲታገዝ ቁጥጥሩ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ኢኳዶር ውስጥ ያለችውን ሲናንጎኤን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሲናንጎኤ ከአንዲስ ተራሮች ግርጌ፣ በአጉዋሪኮ ወንዝ ዳር፣ ጥቂት መቶ የአኢ ኮፋን ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ናት። በ2017 ማኅበረሰቡ ለግዛቱ የራሱን ሕግ ጻፈና ጠባቂዎችን አደራጀ። ጠባቂዎቹ በእግርና በጀልባ ይቃኛሉ፤ ዛፍ ላይ የሚታሰር ካሜራ፣ ጂፒኤስና ድሮን ይጠቀማሉ። ከቡድኑ የመጀመሪያዋ ሴት አሌክሳንድራ ናርቫኤስ ነበረች። በ2018 መጀመሪያ ላይ በወንዙ ዳርቻ የወርቅ ቆፋሪ ማሽኖችን አገኙ። ምርመራቸው ሲቀጥል መንግሥት እነሱን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ በወንዙ ራስጌ 20 የማዕድን ፈቃዶች እንደሰጠና ሌሎች 32 በሂደት ላይ እንደሆኑ ተረዱ። ድሮኑ ያነሳው ምስል፣ የተቆፈረው የወንዝ ዳር፣ የማሽኖቹ ቦታ በጂፒኤስ ነጥብ ተመዝግቦ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው በመንደሩ ላይ ጉዳት ስለመድረሱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል እንደሚዘገይ መገመት አያቅትም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የሱኩምቢዮስ ፍርድ ቤት 52ቱንም ፈቃዶች ሰረዘ፤ ከ32,000 ሄክታር በላይ ደን ከቁፋሮ ዳነ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲያይ በኅዳር 2021 ዳኞቹ እስከ መንደሯ ድረስ ተጉዘው አቤቱታውን በቦታው ሰሙ። በ2022 መጀመሪያ በሰጡት ፍርድም ነባር ሕዝቦች ግዛታቸውን የሚነካ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የመጠየቅና የመስማማት መብት እንዳላቸው አጸኑ። ፍርዱ ለአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ሁሉ የሚያገለግል ሆነ። ከዚህ ታሪክ ፍርድ ቤቱን ቢያወጡት የሚቀረው የሚያምር የድሮን ምስል ብቻ ይሆን ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከሰብዓዊነት የሚነሳ ስለሆነ በጥሞና መሰማት አለበት። ደን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፤ መሣሪያ ከታጠቀ ወንጀለኛ ፊት ለፊት ገበሬና አዳኝ ማሰለፍ ኃላፊነትን በድሃው ጫንቃ ላይ መጣል ነው የሚል ነው። የተገደሉት ሰዎች ታሪክ ይህን ስጋት ያጸናዋል። በፔሩ ኡካያሊ ክልል የሳዌቶ መንደር መሪ የነበረው ኤድዊን ቾታ የሕገ ወጥ እንጨት ቆራጮችን ፎቶና የቦታ ነጥብ ለባለሥልጣናት ለዓመታት ሲያቀርብ፣ ለመንደሩም የይዞታ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ኖረ። በመስከረም 2014 ከሦስት የመንደሩ ሰዎች ጋር ተገደለ። ወደ 80,000 ሄክታር የሚጠጋው የይዞታ ማረጋገጫ የተሰጠው በቀጣዩ ዓመት ነው። ብራዚል ውስጥ የኡሩ-ኡ-ዋው-ዋው ሕዝብ ወጣቶች ድሮን ማብረር ተምረው ወራሪዎችን መመዝገብ በጀመሩ በወራት ውስጥ፣ በሚያዝያ 2020፣ የጥበቃ ቡድናቸው አባል አሪ ኡሩ-ኡ-ዋው-ዋው ተገድሎ ተገኘ። በሰኔ 2022 በጃቫሪ ሸለቆ የተገደለው ብሩኖ ፔሬይራ የዚያን አካባቢ ነባር ሕዝቦች የጥበቃ ቡድን የሚያሠለጥን ባለሙያ ነበር፤ አብሮት የሞተው ብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ዶም ፊሊፕስ ይህንኑ ሥራ ሊዘግብ የሄደ ነው። ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት በ2023 ብቻ በዓለም ዙሪያ 196 የመሬትና የአካባቢ ተሟጋቾች መገደላቸውን መዝግቧል።

ይህን ሁሉ እያወቁ «ማኅበረሰቡ ይጠብቅ» ማለት ጭካኔ አይሆንም? ይሆናል፤ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ቀድመው ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው፤ ዓሣው፣ መድኃኒቱ፣ የሚጠጡት ውኃ የሚመጣው ከዚያው ደን ነውና ቁጥጥሩን ቢተዉት አደጋው ከቤታቸው አይርቅም። ቁጥጥሩ መንግሥትን የሚተካ ሳይሆን «አላወቅሁም» የሚለውን ምክንያት የሚነጥቀው ነው። በብራዚልና በቬንዙዌላ ድንበር የሚኖሩት ያኖማሚዎች የደረሰባቸው ይህን በመራራ መንገድ ያሳያል። በብራዚል በኩል ያለው ግዛታቸው 9.6 ሚሊዮን ሄክታር ሲሆን በ1992 በሕግ ጸድቋል፤ ማለትም ወረቀቱ አላቸው። ሁቱካራ የተባለው ማኅበራቸው ሕገ ወጥ የወርቅ ቁፋሮን በሳተላይትና በመንደር ሪፖርት እየተከታተለ፣ ቁፋሮው በ2021 በ46 በመቶ አድጎ 3,272 ሄክታር መድረሱን በ2022 አሳወቀ። ወንዙ በሜርኩሪ እየተበከለ፣ ወባ እየተዛመተ፣ ሕፃናት በረሃብ እየሞቱ መሆኑን ደጋግሞ ጮኸ። የጊዜው መንግሥት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የጤና አስቸኳይ ጊዜ የታወጀው በጥር 2023፣ አዲስ መንግሥት ሲመጣ ነው። መብትና ቁጥጥር ኖሮ መልስ የሚሰጥ ከጠፋ የሚሆነው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ የጎደለው ሕግ አስከባሪ መላክ እንጂ ተጨማሪ ካሜራ አልነበረም።

የማኅበረሰቡ ሰው ራሱ ደን አይቆርጥም ወይ የሚለውስ? ይቆርጣል። ነባር ሕዝቦችን እንደ ደን መላእክት የሚስል ጽሑፍ ያዋርዳቸዋል እንጂ አያከብራቸውም። በብራዚል የፓይተር ሱሩይ ሕዝብ መሪ አልሚር ሱሩይ በ2007 ከጉግል ጋር ተነጋግሮ የግዛታቸውን ካርታ ለዓለም አሳየ፤ በ2013 ሕዝቡ በዓለም አቀፍ መስፈርት የተመዘነ የካርቦን ሽያጭ ጀመረ። በ2018 ግን ሕገ ወጥ የማዕድን ቁፋሮና እንጨት ቆረጣ ስለተስፋፋ፣ በሕዝቡም መካከል መከፋፈል ስለገባ ፕሮጀክቱ ቆመ። የእኛው አገርም ምሳሌ አለው። በጅማ ዞን በበለጠ ገራ ደን ውስጥ አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲጀመር ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ተከታትለውት ነበር። ለዚሁ የነዋሪዎች ማኅበሮች በተቋቋሙበት ዓመት ደኑ ማኅበር ከሌለበት ይበልጥ ቀነሰ፤ ምናልባትም አባላቱ ደንቡ ሳይጠብቅ በፊት የመጨረሻዋን እንጨት ለመውሰድ ስለተሯሯጡ ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት ግን ጥበቃው ሲይዝ ደኑ አገገመ፤ በሁለቱ ዓመታት ድምር ማኅበር ያለበት ደን በ1.5 በመቶ ሲጨምር የሌለበት በ3.3 በመቶ ቀነሰ። በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ ተመዝኖ ቢዘጋ ኖሮ ይህ መርሐ ግብር «ከሽፏል» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። በባሌ፣ በአዳባ ዶዶላ ደን፣ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን ያጠናና በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሥራም ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ ሌላው ሲተባበር የሚተባበሩ አባላት የበዙበት ቡድን ደኑን በተሻለ ሁኔታ ይዟል፤ እነዚህ አባላትም ደኑን ለመቃኘት ብዙ ሰዓት ያጠፋሉ። እንግዲህ ጥሩ ሰው ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ተባብሮ የሚጠብቅ ሰው ሞኝ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርግ ደንብ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ እርጥብ ደን ከአማዞን ጋር ሲነጻጸር ቁራሽ ነው። ሆኖም ካፋ፣ ሸካ፣ ያዩና ማጃንግ ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገባቸው ናቸው፤ የዱር ቡናም የሚገኝባቸው። በካፋ ከአማዞኑ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ተሞክሯል። የዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአካባቢው ከተመረጡ 30 የደን ጠባቂዎች ጋር፣ በስማርት ስልክ የደን ለውጥ እንዲመዘግቡ አድርገው ከሳተላይት መረጃ ጋር አስተያዩት። ሰዎቹ ከሳተላይቱ የበለጡበት ነገር በግልጽ ታየ። ትልልቁ ዛፍ ሳይነካ ሥሩ ለቡና ሲባል እየተመነጠረ ሲሄድ ከላይ ሲታይ ደኑ ደን ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ጠባቂ ግን ችግኙ መጥፋቱን፣ የመነጠረው ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጽፋል። ሳተላይቱ ደግሞ መንገድ ወደሌለበት ሩቅ ሸለቆ ደርሶ ሰው ያላየውን ያያል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ካፋ ኮቦ የሚባል የቆየ ልማድም አላት፤ በዚህ ልማድ አንድ ሰው በታወቀ የደን ክልል ቀፎ የመስቀልና ቅመም የመልቀም መብቱ ይከበርለታል፤ ክልሉንም እንደራሱ ይጠብቃል። ስልኩ ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ጠባቂና መብት እዚህ አንድ ላይ ነበሩ ማለት ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የማኅበረሰብ ደንን በሕግ የታወቀ የይዞታ ዓይነት አድርጎታል። ከብራዚሉ ጥናት የምንማረው ከተወሰደ ወሳኙ ቀጣይ እርምጃ የይዞታ ማረጋገጫው በየማኅበሩ እጅ መግባቱ፣ ባለሀብት መሬት ሲጠይቅም ያ ወረቀት ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ክብደት ማግኘቱ ነው። በመንገድ ላይ የቀረ ማረጋገጫ በአማዞንም አልጠቀመም።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ገንዘብ ቃል መግባት እስካሁን አልቸገረም። በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ መንግሥታትና በጎ አድራጊ ተቋማት ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የመሬት መብት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት ሲወጣ ከተከፈለው ውስጥ በቀጥታ ወደ ራሳቸው ድርጅቶች የደረሰው 7 በመቶ ብቻ ነበር፤ የቀረው በሌሎች ተቋማት በኩል አለፈ። ለጋሾቹ «ትንንሽ ማኅበራት ሂሳብ መያዝ አይችሉም» ይላሉ። አቅም ማነሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ገንዘብ ያልያዘ ማኅበር ሂሳብ መያዝ የሚማረው መቼ ነው? በብራዚል አማዞን ነባር ሕዝቦች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ፖዳሊ የተባለ ፈንድ ከተቋቋመ ዓመታት አልፈዋል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ለየማኅበሩ የሚያከፋፍለውም ለማኅበራቱ ቅርብ የሆነው እሱው ነው። በ2025 በቤለም የአየር ንብረት ጉባኤ ይፋ የሆነው አዲሱ የሐሩር ክልል ደኖች ፈንድ ከሚከፍለው ቢያንስ 20 በመቶው ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲሆን በደንቡ አስፍሯል። ይህ 20 በመቶ ለጀልባ ነዳጅ፣ ለተቆጣጣሪዎች የወር ክፍያ፣ ለወሰን ልኬትና ለጠበቃ አበል እንዲውል፣ መንገዱም እንደ ፖዳሊ ባሉ በባለቤቶቹ እጅ ባሉ ፈንዶች በኩል እንዲሆን ከአሁኑ በደንቡ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ገንዘቡ አንዴ በአማላጆች እጅ ማለፍ ከጀመረ በኋላ መንገዱን ማስቀየር እንዴት እንደሚከብድ የግላስጎው ሪፖርት ያሳያል።